ደረጃ ላይ ክብደት አይነገርም

ሆዴን ያየ ሁሉ ሐኪም ሆነብኝ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «መንታ ነው አይደል?» ይለኛል። «አንድ ነው» ስለው ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ለእኔ ይሁን ለሱሪው ማዘኑ አይገባኝም። ፊት ለፊት ያለችው ጫማ ሻጭ ደግሞ በየጠዋቱ ሱቋን ስትከፍት «ዛሬም አለሽ?» ትለኛለች። የት ልሂድላት!

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንዲት ክፍል ሱቅ አለችኝ፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ መቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ መስታወትና ደንበኛ ልብስ የሚሞክርበት መጋረጃ። ሆዴ ከገፋ ወዲህ ከመኪናዬ ጋር ተኳርፈናል፤ ስጠጋው ሆዴ ይቀድመኛል፤ ክንዴን ዘርግቼ እንደ ሾፌር ነው የምሰፋው። መስታወቱን ግን ቀና ብዬ አየዋለሁ። ስምንት ዓመት ባዶ ሆዴን ሲያሳየኝ ኖሯል፤ አሁን ሞልቶ ሲያየው ይጥገብ! ይህን ልጅ ስምንት ዓመት ጠብቀነዋል። ተስፋ ቆረጥን፤ ተስፋ መቁረጡም ሰልችቶን ተውነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ልጁ የመጣው።

ባሌ ዕቃ አጓጓዥ ነው። ቤት የሚቀይር ሰው ሲጠራው ከባልደረባው ጋር ትንሿን የጭነት መኪና ይዘው ይሄዱና ቁም ሳጥኑን፣ ማቀዝቀዣውን፣ አልጋውን ከአንዱ ፎቅ አውርደው ሌላ ፎቅ ላይ ይሰቅሉታል። ባሌ ሰፊ ሰው ነው፤ በር ላይ ሲቆም ክፍሉ ይጨልማል። ባልደረባው ቀጭን ነው፤ ስሙን ሰው ሁሉ ረስቶት «ላባ» ነው የሚባለው። ይህ ስም የወጣለት ግን በቅጥነቱ ሳይሆን በሥራቸው ሕግ ነው። ሕጉ ደረጃ ላይ ክብደት አይነገርም ይላል። ዕቃ በደረጃ ሲወርድ ሸክሙ የሚጫነው ከታች ባለው ሰው ላይ ነው፤ ሰውየው የኋሊት ስለሚሄድ የሚረግጠውንም አያይም። ዓይኑ ከላይ ያለው ባልደረባው ነው። ከታች ያለው «ከባድ ነው እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ዕቃው የብረት ካዝና እንኳ ቢሆን፣ ከላይ ያለው «ላባ ነው! ና ብቻ!» ማለት አለበት። እውነቱን የነገርከው ዕለት ጉልበቱ ይከዳዋል ይላሉ። እኔ ይህን ሕግ መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር። ቤቴ ድረስ ይገባል ብዬ አላሰብኩም።

ዘጠነኛው ወር ከገባ በኋላ ሐኪሟ ሆዴን በሜትር ለካችና ፊቷን ቋጠር አደረገች። ሜትር የያዘ ሰው ፊቱን ሲቋጥር ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ወገቡ ሰፍቶ የመጣ ደንበኛዬን ስለካ እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው። እኔንና ባሌን ወደ አልትራሳውንዱ ክፍል ወሰደችን። ቀዝቃዛ ቅባት ሆዴ ላይ ቀብታ የልጁን ጭንቅላት ለካች፤ ሆዱን ለካች፤ ጭኑን ለካች። ቁጥሩ ተደምሮ ሳይወጣ ግን እኔ መሮጥ ነበረብኝ። ልጁ ቤቱን የሠራው ፊኛዬ ላይ ስለሆነ ሽንቴ ሲመጣ ቀጠሮ አይሰጥም። ተመልሼ ስመጣ ሐኪሟን ለአስቸኳይ ወሊድ ጠርተዋት ሄዳለች። ባሌ ኮሪደሩ ላይ የእጅ ቦርሳዬን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሟል።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ደህና ነው አለች። ልቡ ደህና ነው፤ ውሃውም ደህና ነው።»

«ስንት ኪሎ ነው?»

ጣሪያውን አየ። ጣሪያው ላይ አንድ አምፖል እንጂ ምንም አልነበረም። «ሦስት ተኩል… ትንሽ ቢያልፍ ነው። ቀላል ነው።»

«ሌላስ?»

«ከፈለግሽ በሚቀጥለው ሳምንት በመድኃኒት ምጡን ማስጀመር ይቻላል አለች። ካልፈለግሽ መጠበቅም ይቻላል። ምርጫው የእናትየዋ ነው፤ አስባበት በሳምንቱ መጨረሻ ትምጣ አለች።»

«ለሦስት ተኩል ኪሎ ልጅ ምን አስቸኮላት?»

«እንጃ» አለ ባሌ፤ ቦርሳዬን የባሰ ጥብቅ አድርጎ አቀፈው።

እዚያው ኮሪደር ላይ ወሰንኩ። ስምንት ዓመት የጠበቅሁ ሴት ሁለት ሳምንት አያቅተኝም። ልጄ በገዛ ፈቃዱ ይምጣ፤ በመርፌ የሚጠራ እንግዳ አልፈልግም አልኩ።

ለወሊዴ ብለው እኛ ዘንድ የከረሙት አማቴ ውሳኔዬን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ለሕፃኑ የክር ቆብ እየሠሩ ነበር። «ተባረኪ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ልጅ ቀኑን ራሱ ያውቃል» አሉ። ከዚያ ሁልጊዜ የሚያወሩትን ቀጠሉ፤ «እኔ ይኼን ግንድ የሚያህል ልጅ ስወልድ ማን መርፌ ወጋኝ? እንደ ሳሙና ነው ሙልጭ ብሎ የወጣው!» ይህን የሳሙና ነገር ካገባሁ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ሰፈር ውስጥ ያረገዘች ሴት በተገኘች ቁጥር ትጠራና ሳሙናው ይነገራታል። ባሌም ሲነገር ኩራት ይሰማዋል፤ ራሱ ሠርቶት የወጣ ይመስል።

በዚህ ጊዜ ግን አልኮራም። እንዲያውም ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነብኝ። ሻይ ሲቀዳልኝ ያፈሳል። መኝታ ቤት በር ላይ ቆሞ የበሩን ስፋት በስንዝር ሲለካ አገኘሁት፤ ምን እየሠራህ ነው ስለው «እንዲያው» አለ። ራት ላይ ደግሞ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ግን… ቀደም ብንልስ?» አለኝ።

«ለምን?»

«እንዲያው።»

«እንዲያው ብለህ ነው መድኃኒት የምታስወጋኝ?»

«አይ፣ ማለቴ… ዕቃ እኮ መንገድ ላይ አይሰበርም። በር ላይ ነው የሚሰበረው።»

«እንግዲህ እኔ በር ሆንኩ ማለት ነው?»

አማቴ ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ምክንያቱን የማይነግረኝን ሰው እሺ የምል ሴት አይደለሁም። በነጋታው ደግሞ አነሣው፤ እኔ ደግሞ ጣልኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ሁለታችንም የያዝነውን እንደያዝን አደርን።

ቀጠሮው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ላባ ሱቄ መጣ። የሥራ ኮቱ ትከሻው ላይ ተተርትሮ ነበር። አውልቆ ከሚሰጠኝ ይልቅ እንደለበሰው ላቅናው ብዬ አስቆምኩትና ጨርቁን እየያዝኩ ስፒል እሰካለሁ። ከሰካሁት የቀረው ስፒል ከንፈሬ መሀል ነው።

«እንዴት ነው? አልከበደሽም?» አለኝ።

«ለሦስት ተኩል ኪሎ?» አልኩ በስፒሎቹ መሀል።

ላባ ሳቀ። «ጎበዝ ነሽ እባክሽ! ሌላ ሴት ብትሆን አራት ተኩል ሲሏት አልጋ ትይዝ ነበር። አንቺ ጭራሽ አንድ ኪሎ ቀንሰሽለት…»

ከዚያ ፊቴን በመስታወቱ ውስጥ አየው። ሳቁ ቆመ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ላባም ቃሉን በእጁ ሊይዘው የፈለገ ይመስል አፉን ሸፈነ።

ስፒሎቹን ከአፌ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደርኳቸው። «ቀጥል» አልኩት።

«እኔ ምንም አላውቅም።»

«ኮቱ ላይ የሰካሁት ስፒል ወደ ውስጥም ይገባል። ቀጥል።»

ነገረኝ። ልጁ አራት ኪሎ ተኩል ይሆናል ብላለች ሐኪሟ። ትልቅ ልጅ ሲሆን ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው ሊያዝ ይችላል፤ ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን ያጋጥማል ብላለች። ሳይገዝፍ ምጡን ማስጀመር ይህን ይቀንሰዋል ብላለች። «ይህን ሁሉ ለሚስትህ ንገራት፤ የምትወስነው እሷ ናት» ብላዋለች። ባሌ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። «ትናንት ማቀዝቀዣ ስናወርድ ደረጃው መሀል ላይ ቆመና ‹ከበደኝ› አለ» አለኝ ላባ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አብረን ስንሠራ ይህ ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ማቀዝቀዣው ባዶ ነበር።»

ደሜ ፈላ። አስር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚባለው ለእኔ ተረት አይደለም፤ የምበላበት ሥራዬ ነው። ልክ ተሳስቶ የተነገረኝ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም። አሁን ግን በገዛ ልጄ ላይ፣ በገዛ ባሌ የተነገረኝን የሐሰት ልክ ይዤ ቆረጥኩ ማለት ነው። ላባን ከነስፒሉ አስወጥቼ ሱቁን ዘጋሁ። ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነው። በየደረጃው መታጠፊያ እየቆምኩ፣ ሆዴን ከሥር ደግፌ፣ የምናገረውን እያሰናዳሁ ወጣሁ። ያሰናዳሁት ግማሹ ስድብ ነበር።

ባሌ ወጥ ቤት ሽንኩርት ይልጣል። አማቴ በቦታቸው ቆባቸውን ይሠራሉ።

«ልጄ ስንት ኪሎ ነው?» አልኩት።

ቢላዋውን አስቀመጠ።

«ጣሪያውን እንዳታይ!»

«አራት ተኩል» አለ።

«ትከሻውስ?»

እዚያው ሽንኩርቱ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ያን የሚያህል ሰው ሲቀመጥ ቤቱ ጠበበ። «እንዳትፈሪ ብዬ ነው። ልነግርሽ ነበር። በየቀኑ ልነግርሽ ነበር።»

«ዕቃ አደረግኸኝ! ከታች ያለውን ሰው አደረግኸኝ! ላባ ነው፣ ነይ ብቻ አልከኝ!»

«አንቺ አይደለሽም ከታች ያለሽው» አለ ባሌ። «እኔ ነኝ። ልጁን የምትሸከሚው አንቺ፣ የምታምጪው አንቺ። እኔ የሰው ዕቃ ሁሉ ስሸከም ኖሬ የራሴን አንዲት ጋት ልይዝልሽ አልቻልኩም። ቁጥሩን ብቻ ልሸከምልሽ ብዬ ነው።»

ያሰናዳሁትን ስድብ ተውኩት። ልመታውም ላቅፈውም ፈለግሁ፤ ሆዴ ግን ጎንበስ ብዬ ሁለቱንም እንዳላደርግ ከለከለኝ። ንዴቴ ግን አልበረደም። «ልጁን ልትይዝልኝ ባትችል እውነቱን ልትይዝብኝ ነው?» አልኩት። «የምሸከመውን ካላወቅሁ በምን እግሬ ልቁም?»

የዚያን ጊዜ ነው የአማቴ የክር መርፌዎች ድምፅ እንደጠፋ ያስተዋልኩት። ቆቡ ጭናቸው ላይ ወድቋል።

«ትከሻው ነው ያሉት?» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።»

ወደ ልጃቸው ዞሩና «ሳሙናው ውሸት ነው» አሉ።

«ምን?» አለ ባሌ ከወለሉ ላይ።

«ውሸት ነው አልኩህ። ጭንቅላትህ ወጣ፤ ከዚያ ቀጥ። አንዷ እግሬን ወደ ደረቴ ገፋች፤ አንዷ ከሆዴ በታች ተጫነች፤ የአዋላጇ ልብስ በላብ ተነከረ። ስትወጣ ሰማያዊ ነበርክ። አታለቅስም። ከአንገትህ ሥር ያለችው ቀጭኗ አጥንት ተሰብራ ነበር፤ እጅህን ከደረትህ ጋር አስረው ነው የሰጡኝ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ድናለች። አጥንቷ ድናለች። ግን እስክታለቅስ ድረስ የቆየሁበት ጊዜ እስከ ዛሬ አላለቀልኝም።»

«የትኛው ነው?» አለ ባሌ።

«የቀኙ።»

ባሌ በግራ እጁ ቀኝ ትከሻውን ያዘ። የከተማውን ቁም ሳጥን ሁሉ የተሸከመበት ትከሻ ነው። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ዕድሜህን ሙሉ ስትሸከም ተሰባሪ ነኝ ብለህ እንድትፈራ? ሴቶቹስ ሲጠይቁኝ ምን ልበል? ሆዷን ይዛ የቆመች ልጅ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ እውነቱን ልንገራት? እንደ ሳሙና አልኩ። ደጋግሜ ስለው ለእኔም እውነት እየመሰለኝ መጣ።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። እኔ ግን ይህ ቤተሰብ ምን ዓይነት ቤተሰብ እንደሆነ ገባኝ። እናትየዋ ለሰፈሩ ሴቶች ሸክም ታቃልላለች፤ ልጅየው ለባልደረባው ያቃልላል፤ ከዚያ ለእኔ። ሁሉም ከፍቅር ነው። ሁሉም ከባዱን ብቻቸውን ይሸከሙታል፤ የተቃለለለት ሰው ደግሞ የሚወርድበትን ደረጃ ሳያይ ይወርዳል።

«እንግዲያው ቀደም በዪ ነው የሚሉኝ?» አልኳቸው።

አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ቅደሚም ቆዪም አልልሽም። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲሉ እሰማለሁ፤ ዛሬ እናትም ለልጅ አታስተምርም። እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንቺ ተጠይቀሻል፣ ልጄ። መጠየቅ ትልቅ ነገር ነው። ሙሉውን ስሚና መልሺ።»

በነጋታው ሦስታችንም ሄድን። ሐኪሟ የሆነውን ስትሰማ መነጽሯን አወለቀች። «መጀመሪያም ለአንቺ ለራስሽ ሳልነግርሽ መሄድ አልነበረብኝም» አለችኝ። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋችና ያልነገረችኝ ነገር አልቀረም። መሣሪያው ሊሳሳት ይችላል አለች፤ ወደ ላይም ወደ ታችም፣ ግማሽ ኪሎ እንኳ። ብጠብቅም ብዙዎቹ ትልልቅ ልጆች ያለ ችግር ይወጣሉ። ትከሻ ቢያዝም አዋላጆቹ የሚያደርጉትን ያውቃሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ደህና ይሆናል፤ አንዳንዴ ግን አጥንት ይሰበራል ወይም የክንድ ነርቭ ይጎዳል፤ ከዚያ የከፋም አለ፣ ግን ጥቂት ነው። ምጡን ቀደም ብሎ ማስጀመር ይህን ይቀንሳል፤ ጨርሶ አያጠፋውም። ደግሞ ሊረዝም ይችላል፤ ሊያደክም ይችላል፤ እንደ ማንኛውም ምጥ በኦፕራሲዮን ሊያልቅ ይችላል።

«በእርስዎ ሆድ ቢሆንስ?» አልኳት።

«በእኔ ሆድ አይደለም» አለች ፈገግ ብላ። «ሁለቱም ትክክል ነው። የትኛውን ብትመርጪ አብሬሽ ነኝ።»

ባሌን አየሁት፤ ምንም እንዳይል ከንፈሩን ነክሷል። አማቴም መሬት መሬት ያያሉ። ሁለቱም እኔን ጠበቁ። እኔም አሰብኩ፤ እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ ራሴ። ሃያ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። ወገብ ቢጠብ ይሰፋል። እጅጌ ቢረዝም ያጥራል። ጠርዝ ይተረተርና እንደገና ይታጠፋል። ትከሻ ግን አንዴ ተበላሽቶ ከተቆረጠ ማስተካከያ የለውም፤ ኮቱን እንዳለ መጣል ነው። ለዚህ ነው ትከሻ ላይ ስደርስ ሬዲዮ የምዘጋው። ለሌላ ሴት መጠበቁ ይሻላት ይሆናል፤ እኔ ግን ስለ ትከሻ ጥንቁቅ ነኝ።

«በሚቀጥለው ሳምንት» አልኩ። «መድኃኒቱን እወስዳለሁ።»

ባሌ ትንፋሹን ለቀቀው፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት ተነሣ።

ቀኑ ደርሶ ገባሁ። እኔ መድኃኒት ሲሰጡኝ ልጁ ወዲያው እየሮጠ የሚመጣ መስሎኝ ነበር፤ የመጀመሪያው ቀን ግን እንዲሁ ዋለ። ኮሪደሩን ወደላይ ወደታች ስመላለስ ባሌ የግሉኮሱን ማቆሚያ እንደ መስታወት ጠረጴዛ ተጠንቅቆ እየገፋ ከጎኔ ይሄዳል። መታጠፊያ ላይ ስንደርስ «ወደ ግራ፣ ቀስ» ይላል። ነርሶቹ ሳቁበት። አማቴ ቤት ሄደው እንዲያርፉ ብንለምናቸውም እምቢ ብለው አግዳሚው ላይ ቆባቸውን ቀጠሉ፤ ከጭንቀታቸው ብዛት የት እንደሚያቆሙ ረስተው ቆቡ ባሌን የሚበቃ ሆነ።

በሁለተኛው ቀን ምጡ መጣ፤ ሲመጣም መጣ። ጥርሴን ነከስኩ፤ ባሌን ነከስኩ፤ የሐኪሟን ደግ ፊት ሳይቀር ረገምኩ። አንድ ቦታ ላይ ሁሉም አቃተኝና «አልችልም፣ ከበደኝ» አልኩ። ባሌ አፉን ሲከፍት አየሁት። የለመደው መልስ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው።

«አዎ፣ ከባድ ነው» አለኝ። «ግማሽ መንገድ ደርሰሻል፤ ገና ግማሽ አለ። እዚህ ነኝ።»

ጉልበቴ ይከዳኛል ብሎ ፈርቶ እንደነበር አውቃለሁ። አልከዳኝም። የቀረኝን ስላወቅሁ ለቀረኝ የሚሆን አቅም አስቀመጥኩ።

ጭንቅላቱ ወጣ። አዋላጇ «አሁን አትግፊ። ቆዪ» አለች። ባሌ እጄን ጨብጦ ያዘ። ስለ ምን እንደምናስብ ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ እውነቱን ስለተካፈልነው ፍርሃቱንም አብረን ፈራነው። የአዋላጇ እጆች ቀስ ብለው አንድ ነገር ሲያዞሩ ተሰማኝ። «አሁን ግፊ!» አለች። ገፋሁ። አንዱ ትከሻ ወጣ፤ ሌላው ተከተለ፤ ከዚያ የቀረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣና ለቅሶ ክፍሉን ሞላው።

ሴት ናት። ሁሉም ወንድ ነው ብለውኝ ነበር። ሚዛኑ ላይ አራት ኪሎ ከሁለት መቶ ሆነች፤ ከተገመተው ታንሳለች፣ ከባሌ ውሸት ትበልጣለች። አማቴን ሲያስገቧቸው ፊቷን አላዩም። ሁለቱን እጆቿን ነበር የሚያዩት። ልጅቷ በሁለቱም እጆቿ አየሩን እየደበደበች ትጮሃለች። አማቴ ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ፤ ባሌ በቀኝ ትከሻው ላይ ራሳቸውን አስደግፎ ያዛቸው።

ብጠብቅ ኖሮስ ደህና ትወጣ ነበር? ሐኪሟን ጠየቅኋት። «ምናልባት አዎ» አለችኝ፤ «ማናችንም አናውቅም።» አልከፋኝም። አውቄ የመረጥኩት የእኔ ነው።

በማግስቱ ከጎኔ ባለው አልጋ አንዲት ልጅ ገባች። ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነች፤ ሆዷ ከፊቷ ቀድሞ ነው የገባው። ስትገባ ጀምሮ ልጄንና እኔን ትመለከታለች። በመጨረሻ ከአልጋዋ ወረደችና በአልጋዎቻችን መሀል ቆመች።

«እትዬ፣ ይቅርታ። የእኔንም ትልቅ ነው አሉኝ። ቀደም ልበል ወይስ ልጠብቅ ምረጪ አሉኝ። ከብዶዎት ነበር?»

አማቴ ቆቡን መሥራታቸውን አቆሙ። ባሌ ሕፃኗን እንደታቀፈ እኔን አየኝ። የወጣቷ ዓይኖች መልሱን ራሳቸው ይነግሩኝ ነበር፤ «አይ» በዪኝ፣ «ምንም አይደለም» በዪኝ ይላሉ። ቃሉም አፌ ላይ መጣ፤ ቀላል ነው ልላት፣ ዛሬ ማታ እንኳ እንቅልፍ ይውሰዳት አልኩ። ለካስ እንዲህ ነው የሚመጣው። ባሌንና አማቴን በዚያች ቅጽበት ጨርሼ ይቅር አልኳቸው።

እግሬን ሰብስቤ አልጋዬ ላይ ቦታ ለቀቅሁላት።

«ነይ ተቀመጪ» አልኳት። «ከብዶኛል። ሁሉንም እነግርሻለሁ፤ የማላውቀውንም አላውቅም እልሻለሁ። ከዚያ አንቺ ትመርጫለሽ።»

ፊቷ ገረጣ። ግን መጥታ ተቀመጠች።